የወንድሜን ዱላ ከአጎቴ እጅ ስቀበል

በእኛ አገር ሰው ለሰው ውክልና ሲሰጥ ዱላውን ያስጨብጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጸሐፊ ይዞ በቀለም የሚያደርግ አለ ይባላል፤ እኛ የቀወት ገበሬዎች ግን እንዲህ አናደርግም። ወካዩ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ዱላውን ለወኪሉ ይሰጥና «አፌ አፍዎ፣ እጄ እጅዎ ይሁን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ወኪሉ ያን ዱላ ይዞ ዳኛ ፊት ቢቆም፣ በውሃ ተራ ክርክር ላይ ቢቆም፣ የሚናገረው ባለዱላው ነው። አገሩ የእያንዳንዱን ሰው ዱላ ለይቶ ስለሚያውቅ ማን በማን አፍ እንደሚናገር መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህን ያስቀደምኩት አንባቢ እንዲያውቀው ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ብጀምር ወደ ዋናው ነገር እስክደርስ ትንሽ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ነው። ዋናው ነገር ያሳፍረኛል።

ወንድሜ ዱላውን ለአጎታችን ያስጨበጠ ቀን እኔም አብሬ እጄን ዱላው ላይ አድርጌ ነበር። መሬቱ የአባታችን ነው፤ ሮቢ ወንዝ ዳር፣ ቦዩ ከሚጠለፍበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። አባታችን ሲሞት ለሁለታችን ቀረ። ጣሊያን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ ከየመንደሩ ጉልበት ያለው ሰው ይውጣ ተባለና ከእኛ ቤት የሚወጣ ሰው ተፈለገ። እኔ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ሁለተኛ ደረጃ ገና መጀመሬ ነበር፤ ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና በእግሬ መጣሁ። ወንድሜ እጄን ገልብጦ መዳፌን አየና ሳቀ።

«አንተ ፊደልህን ይዘህ ተቀመጥ። ድንጋዩን እኔ እፈልጠዋለሁ» አለኝ።

ታዲያ መሬቱን ማን ይጠብቅ? እኔ አለሁ ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባለፈው የውሃ ተራ ክርክር ላይ ቆሜ ልናገር ሞክሬ ነበር፤ ቃል ስመርጥ፣ ስተው፣ እንደገና ስመርጥ ሰው ሁሉ ሰለቸው። አንዱ ጎረቤታችን «ይሄ ልጅ ተናግሮ እስኪጨርስ ውሃው ወደ ደብረ ሲና ይመለሳል» ብሎ ነበር። ክርክሩ ቀረ እንጂ ቃሉ አልቀረም፤ አሁንም ድረስ ይሉኛል።

ስለዚህ አጎታችን ተመረጡ። የእናታችን ወንድም ናቸው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ እኔን አዲስ አበባ ሲልኩኝ ከግመሎቻቸው አንዷን ሸጠዋል። ግራ እግራቸው ከቀድሞ ጀምሮ ያነክሳል፤ ጭነት ሲያራግፉ ግመል ረግጧቸው ነው። ግቢያችን ውስጥ ባለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ሸኹና ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ወንድሜና እኔ ዱላውን አብረን ይዘን ሰጠናቸው፣ ቃሉንም አብረን አልን። አጎቴ ዱላውን መሬት መታ መታ አድርገው ሞከሩትና «ይሄስ ከእኔ እግር ይሻላል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ በማግሥቱ ወደ ጣርማ በር ወጣ።

አልተመለሰም።

ደገኞች የእኛን አገር ንዳድ ይፈሩታል። ወንድሜ ግን ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ ሰው፣ በብርድ ሞተ። ውጋት ያዘው፤ ከዚያ አልተነሣም። አብረውት የነበሩት ሰዎች እዚያው ላይ ቀበሩት፤ ጀናዛ አይዘገይም። የለበሳት ኩታ ከፈን ሆነችለት። ስለዚህ ወሬ ነጋሪዎቹ ወደ እኛ የወረዱት ባዶ እጃቸውን ነው። የወንድሜ የሆነ፣ በእጅ የሚነካ ነገር አልመጣልንም። ለእናንተ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ሬሳውን አላየሁም፣ አፈሩን አላለበስኩም፤ የማለቅስበት ነገር አጥቼ ነበር።

ዱላው ብቻ ቀረ። ወይራ ነው። መያዣው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጉብ ያለ ነገር አለው፤ የወንድሜ ጣት አለስልሶታል። ከታች በኩል እሳት የላሰው ጥቁር ጠባሳ አለው። እሱ በአጎቴ እጅ ነበር። አጎቴ ለለቅሶ ሲመጡ ተደግፈውት መጡ፣ ሰደቃው ላይ ተደግፈውት ተቀመጡ፣ ከእኛ ቤት ሲወጡ ተደግፈውት ወጡ። የራሳቸውን ዱላ ትተውት ነበር፤ ይኸኛው እግራቸውን ተስማምቶት ነበር። እኔ ሰው ሲያነጋግረኝ ዓይኔ ወደ ዱላው ይሄዳል። ልለምናቸው አስብና እተወዋለሁ። የሚያነክስ ሰው ዱላ እንዴት ይለመናል?

የወንድሜ ሚስት ኢዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት የኢዳዋ ጊዜ እስኪያልቅ ከቤቷ አትወጣም፤ ገበያ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ወንዝ የለ። ትንሿን ሴት ልጇን ይዛ ከግቢ ሳትወጣ ትውላለች። አጥራችን የማሽላ አገዳ ነው። በአገዳው መካከል ማሳው እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል። አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት ከውሃ ሥራ ስመለስ አጥሩ ሥር ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ መሬታችንን አስለኩት» አለችኝ። እሷም አጎቴን ጋሼ ነው የምትላቸው።

«ለማን?»

«ለፈረንጁ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ነጩ በእግሩ ይለካል፤ አስተርጓሚው ችካል ይተክላል፤ ጋሼ ወሰኑን በዱላ ያሳያሉ። በባሌ ዱላ!»

«ምናልባት የቦዩ ጉዳይ ይሆናል፣ እትዬ።»

«ችካሉን ሄደህ እየው። ከቦዩ ጀምሮ እስከ ሾላው ድረስ ነው። ታዲያ ለእኛ ምን ቀረ?»

ሄጄ አየሁ። እንዳለችው ነው። ያ መሬት ከሄደ የውሃ ተራውም አብሮ ይሄዳል፤ ውሃ የሚቆጠረው በመሬት ነው። እኔ ወንድ ነኝ፤ የትም ሠርቼ አድራለሁ። እሷ ግን ኢዳዋ ሲያልቅ ልጇን አዝላ ወደ ዘመዶቿ ከመመለስ ሌላ የሚቀራት ነገር የለም፤ ልጅቱም የአባቷን አፈር ሳታውቀው ታድጋለች። ወንድሜ ሬሳው እንደቀረ ሁሉ አሁን ሁለተኛ ሊጠፋ ነው። እንዲህ ነበር የታየኝ።

በማግሥቱ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ወይም ከተሳሳትኩት የመጀመሪያው ይህ ነው። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ጎረቤት ሁሉ ማሳ የሚውልበትን ሰዓት መረጥኩ። ይህን ያደረግኩት ላከብራቸው ነበር። አጎቴ ጓዳ በር ላይ ተቀምጠው የጭነት ገመድ ይገምዱ ነበር። ዱላው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል።

«ና ግባ። በላህ?» አሉ።

«በልቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ዋሸህ፤ ተቀመጥ» አሉና ቂጣ አስመጡልኝ። እየበላሁ ጠየቅኳቸው። አፌ ሞልቶ ስለነበር ጥያቄው ይበልጥ ተንተባተበ። አልተቆጡም።

«የጣሊያኖቹ የመንገድ ካምፕ ሹም መሬት አምጡ አለ» አሉ፣ ገመዱን ሳይተዉ። «ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅልበት፣ ውሃ ያለበት። ወንዝ ዳር ያለነው እኔና እናንተ ነን። የእኔ ቢሄድ ቤት ሙሉ ልጅ ይራባል። የእናንተ ቢሄድ እናንተን እኔ አበላለሁ። መቼ አጉድዬባችሁ አውቃለሁ?»

አላጎደሉብንም። ይህን መካድ አይቻልም፤ በእጄ የያዝኩት ቂጣ እንኳ የእሳቸው ነበር። ሆኖም የእትዬን ፊት አሰብኩና መሬት መሬት እያየሁ፣ ውክልናውን ለጊዜው፣ ማለቴ ቅር ካላላቸው፣ ቢተዉት ምን ይመስላቸዋል አልኩ። ገመዱ ቆመ።

«እሺ ልጄ። ሰምቻለሁ» አሉ።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳያፍር ነገሩ አለቀ አልኩ። እትዬ ልጅቱን እያጠባች ነበር፤ ነገርኳት።

«ማን ሰማ?» አለችኝ።

«እኔና እሳቸው።»

«ታዲያ ማንም አልሰማም በለኛ» አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግሥቱ አስተርጓሚው ገመድ ይዞ መጣ፤ አጎቴም አብረውት ነበሩ፤ ዱላውን ይዘዋል። ጁምዓ ሹሙ ራሱ መጥቶ ይረከባል ተባለ። ያን ጊዜ ወደ ሸኹ ሮጥኩ። ሸኹ ውክልናው ሲሰጥ ዱዓ ያደረጉት ሰው ናቸው። ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫት እየቃሙ አገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ጓዳ የሄድኩትንም ጭምር። ቅጠሉን ከጉንጫቸው ወደ ጉንጫቸው አሳለፉት።

«የወንድምህ ውክልና ከወንድምህ ጋር ሄዷል፤ ሸሪዓው እንዲህ ነው» አሉ። «የቀረው ያንተ ነው። ግን ዱላው በእጃቸው እያለ ይህን ለፈረንጁ ማን ይነግረዋል? እሱ የሚያየው ዱላውን ነው።»

«እኔ እኮ ነገርኳቸው፣ ሸኽ።»

«ነገርካቸው? አማከርካቸው እንጂ። በሰው ፊት የታሰረ በሰው ፊት ይፈታል። እዚያው በታሰረበት፣ ያው ሰው ባለበት። ነው ወይስ አዲስ አበባ ሌላ ነው ያስተማሩህ?»

«እርስዎ ቢነግሯቸውስ?» አልኩ። ከተናገርኩት ሁሉ በዚህ ነው የማፍረው መሰለኝ።

ሸኹ ሳቁ። «እኔ መቼ ወከልኳቸው? አፍህን አንድ ሰው ይዞብህ መጣህ፤ አሁን ደግሞ ለእኔ ልትሰጠኝ ነው?»

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን፣ በቁርቁራው ሥር ሰው ተሰበሰበ። እትዬ ቤት ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ጣለች። አጎቴ መጡ። ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ እኔም ተነሣሁ። ቀስ ብለው ተቀመጡና ዱላውን በሁለት እግራቸው መካከል አቁመው አገጫቸውን አስደገፉበት። ሸኹ ዱዓ አደረጉ። ያ ጎረቤታችን አላስቻለውም።

«ዛሬ ልጁ ሊናገር ነው፤ ውሃው እንዳይመለስ ቦዩን ያዙት!» አለ። ሳቁ። አጎቴም ፈገግ አሉ። ያሳቀኝ ለመምሰል እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ቆምኩና ጀመርኩ። አጎቴ ያደረጉልንን አንድ በአንድ አነሣሁ። አባታችን ሲሞት እንዴት እንደወሰዱን፣ ግመሏን፣ በየክረምቱ የሚልኩልንን ማሽላ። እየተናገርኩ ይህ ሁሉ የት ሊደርስ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ምናልባት ስናገር ስናገር ሌላ ሰው ይጨርስልኛል ብዬ ይሆናል። አጎቴ አገጫቸውን ከዱላው አነሡ።

«ልጄ፣ ምስጋናውን ለቀብሬ አቆየው። ለምን ጠራኸኝ?»

ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሌሊቱን ሁሉ ስለው አድሬ ነበር። ግን ዓይኔ ዱላው ላይ ተተከለ። ጉብ ያለውን ነገር የአጎቴ አውራ ጣት ሸፍኖታል። አንድ ነገር አሰብኩ፣ እዚያ መካከል ቆሜ፦ እኔ የምፈልገው መሬቱን ነው ወይስ ዱላውን? ለወንድሜ ልጅ ነው የምከራከረው ወይስ የሱ የሆነ ነገር እጄ እንዲገባ ነው? ሰዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ አንዱ ሳል አለ።

ከመጋረጃው ኋላ የሴት ድምፅ መጣ።

«ንገራቸው እንጂ!»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ኢዳ ላይ ያለች ሴት በወንዶች ጉባኤ ስትናገር ሰምተን አናውቅም።

«ጋሼ፣ ድምፄን ይቅር ይበሉኝ» አለች። እንባ አልነበረበትም፤ ቀጥ ያለ ድምፅ ነበር። «ባሌ ለርስዎ የሰጠው አፉን ነው። መሬቱን አልሰጠም። መሬቱ የዚች የቲም ልጅ ነው። ወንድሙም ይህንኑ ሊል ነው የቆመው፤ አፍሮ ነው።»

አፍሮ ነው አለች። በሰው ሁሉ ፊት። ከዚህ በኋላ መናገር ግዴታ ሆነብኝ።

«አፌን ከአፍዎ፣ እጄን ከእጅዎ አንስቻለሁ» አልኩ።

«አልሰማንም» አሉ ሸኹ። ክፋት አልነበረም፤ ምስክር የሰማውን ነው የሚመሰክረው። ያን ቃል ሁለተኛ፣ ጮክ ብዬ፣ አጎቴን ፊት ለፊት እያየሁ ማለት ነበረብኝ። አልኩት። ድምፄ ከግቢው አልፎ ሲሄድ ሰማሁት።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ደግ አደረግህ» አሉ። «ጓዳዬ ስትመጣ ግን እንደ ሌባ ነው የመጣኸው። በሰው ፊት ሰጥተኸኝ በጨለማ ልትነጥቀኝ? ቂጣዬን እየበላህ? ይሄ ሽማግሌ ሰው ፊት ቢነግሩት አይችልም ብለህ ነው? መሬቱን ያሳየሁት ሳትነግረኝ ነው። ከነገርከኝ በኋላ የሄድኩት ግን፣ ወላሂ፣ ተናድጄ ነው።»

ከዚያ ለመነሣት ተዘጋጁ። ለመነሣት ዱላው ያስፈልጋቸዋል። ተደግፈውት ተነሡ፤ ቆሙ፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት። ይህን ሲያደርጉ በአንድ እግራቸው ነው የቆሙት። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

«ተው። ዛሬ ባለጉዳይ ነህ» አሉ።

ዱላው ሞቆ ነበር። የሳቸው እጅ ያሞቀው ነው። እኔ የጠበቅኩት የወንድሜን እጅ ነበር፤ የመጣልኝ ግን የአጎቴ ነው።

አጎቴ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። ግቢው ውስጥ ዱላ ያልያዘ ወንድ አልነበረም። አንድም ሰው «ይቺን ይያዙ» አላላቸውም። ሊላቸው አይችልም፤ በሽማግሌ ጉባኤ፣ በውክልና ዛፍ ሥር፣ ዱላ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰው ሁሉ የራሱን ዱላ ጨብጦ እያያቸው አጥር አጥሩን ይዘው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ከአጥራችን አንድ ወፍራም የማሽላ አገዳ መዝዘው አወጡ። ተደግፈው ሞከሩት።

«ይቺ ማንንም አትወክልም» አሉና ወጡ።

ጁምዓ ሹሙ ማሳው ድረስ መጣ። እንዲህ ያለ ቀይ ፊት አይቼ አላውቅም፤ የእኛ ፀሐይ እንደ በርበሬ አድርጎታል። አስተርጓሚው አጎቴን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ዱላህስ?»

«ባለቤቱ ጋ ነው» አሉ አጎቴ። «ስለዚህ መሬት እንድናገር ከእንግዲህ አፍ የለኝም።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ ባለመሬቱ?»

«እኔና የወንድሜ ልጅ» አልኩ። «አንሰጥም።»

ይህን ስል አልተንተባተብኩም። ይህም ራሱ አሳፈረኝ፤ ለባዕዱ ቀሎኝ ለአጎቴ ነበር የከበደኝ። አስተርጓሚው ለሹሙ ነገረው። ሹሙ እጁን አወናጨፈ። ክርክር ያለበት መሬት አልፈልግም፣ ውሃ ያለበት መሬት ግን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ ማለቱ ነው አለን አስተርጓሚው።

አጎቴ ቦዩን ተሻገሩ። አገዳቸውን ተደግፈው፣ ያ ግራ እግራቸው ጭቃው ውስጥ እየገባ፣ ማዶ ወጡ። ከዚያ አገዳውን አንሥተው የራሳቸውን ማሳ ወሰን አሳዩ፤ ከዚህ እስከዚያ። አገዳው ጫፉ ላይ ቅጠል ነበረው፤ ሲያሳዩ ይወዛወዝ ነበር።

አስተርጓሚው ችካሎቹን ከመሬታችን ነቀለና ክንዴ ላይ ከመራቸው። «ና፣ አሻግር» አለኝ።

ተሸክሜ አሻገርኩ። የአጎቴ ማሳ ላይ የተተከሉትን ችካሎች ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ሳቀብል አጎቴ አጠገቤ ቆመው ነበር።

አሁን የካምፑ ቲማቲም የሚበቅለው እዚያ ነው። ከእኛ ግቢ ቀይ ቀይ ሆኖ ይታያል። የእኛ ማሽላ ሲደርስ ግማሹን ወደ አጎቴ ቤት እወስዳለሁ፤ ሚስታቸው ትቀበለኛለች፣ እሳቸው ሲያዩኝ ገመድ ይገምዳሉ። በደብረ ሲና በኩል ወጥቼ የወንድሜን መቃብር ባየሁ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ወይራ ቆርጬ፣ ልጬ፣ አሽቼ አዲስ ዱላ አመጣሁላቸው። በራቸው ላይ አስደግፌው ስመለስ ጠሩኝ።

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ አልቆረጥኩትም» አሉ። ዱላውን አልመለሱልኝም፣ አልያዙትምም። የፍየሎቻቸው ቤት በር የሚደገፍበት እሱ ነው።

እሳቸው የሚሄዱት በአገዳ ነው። አገዳ ሰው አይሸከምም፤ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ወደ እኛ አጥር ይመጣሉ፣ ሌላ ይመዝዛሉ፣ ይሄዳሉ። ሰው መጀመሪያ ይሥቅ ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

ባለፈው ጁምዓ መስጊዱ በር ላይ ዱላዎች እንደ ወትሮው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ የአጎቴ አገዳ መካከላቸው ናት። የወንድሜን ዱላ ከሷ አርቄ፣ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። ሰላቱ አልቆ ስንወጣ ፍየል ገብታ አገዳዋን በልታታለች። ግማሿ የለም። ሰው ሣቀ፤ ያ ጎረቤታችን «ውክልናውን ፍየል ወሰደችው!» አለ። አጎቴም ሣቁ፤ ጥርሳቸው እስኪታይ። ከዚያ ሰው እየተበተነ ሲሄድ በሩ ላይ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የወንድሜ ዱላ በእጄ ነበር። አላቀረብኩላቸውም። ከኋላዬ አኑሬው ጎናቸው ቆምኩ፣ ትከሻዬን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ከበደ።

እስከ እኛ ግቢ ድረስ እንዲሁ ሄድን። አጥራችን ጋ ሲደርሱ ለቀቁኝ፤ አገዳ መዘዙና ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

በማግሥቱ አጥሩን እያደስኩ ሳለ እትዬ ልጇን አዝላ መጣች። ኢዳዋን ከጨረሰች ቆይታለች። እኔ ልጡን አጥብቄ እያሰርኩ ወደ በሩ ስቀርብ እጄን ያዘችኝ። እዚያ ጋ ከሌላው የሚወፍሩ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ አገዳዎች ለብቻቸው ተደርድረዋል። መርጣ የተከለቻቸው እሷ ናት።

«እዚህ ጋ አታጥብቀው» አለችኝ። «ሲመዙት እንዳያስቸግራቸው።»

ልጡን አላላሁት።